በጎን የተሣለችው

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይቺን ውጬ እመለሳለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር ያለውን ቤተ ክርስቲያናችንን ከእንግሊዞቹ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአንግሊካኖች ስንረከብ በስተቀኝ ባለቀለም መስታወት ያለው መስኮት ነበር። ሰማያዊ የለበሰች ሴት ተንበርክካለች፤ ፊቷ ወደ ጎን ስለዞረ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። ሥዕል የተማርኩ እኔ ነኝና ኮሚቴው ማን እንደሆነች ጠየቀኝ። በእኛ ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ይሣላል። ወላጅ አባቴ ያስተማረኝም ይህንኑ ነው። «ኃጥእ ናት፣ ትነሣ» አልኩ።

ለሥርዓቱ ተጨንቄ ነው? አይደለም። ያ ቦታ ለራሴ ሥዕል አምሮኝ ነው። እንግሊዞች ቅዱሳንንም በጎን ሳይሥሉ እንደማይቀሩ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ማንንም አልጠየቅኩም። ራሴ መሰላል ላይ ወጣሁ፣ ራሴ በመዶሻ ሰበርኳት፣ ስባሪውንም ራሴ ከቆሻሻ ጋር ጣልኩት።

በሳምንቱ ጎጎ ታንዲ መጡ፤ «ጎጎ» በዙሉ አያት ማለት ነው። ከቀድሞዎቹ ምእመናን አንዷ ናቸው፤ እዚያው ቤሪያ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ባዶውን መስኮት አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«በረዶ ሰበረው፣ ጎጎ» አልኳቸው። የጆበርግ በረዶ የመኪና መስታወት ያረግፋል፤ ማን ይጠራጠራል?

አመኑኝ። ከዚያ በስተግራ ያለውን ዐምድ ዳሰሱ። እዚያ ላይ ከእንጨት የተቀረጸ መልአክ እጁን ወደ መስኮቱ ዘርግቷል። «ማርያም እኮ የእሱን ብሥራት እየሰማች ነበር» አሉኝ። «ልጄ የሞተ ጊዜ እዚህ ተቀምጬ፣ እሷም ያላሰበችው ነው የመጣባት እያልኩ ነው የተጽናናሁት። ስባሪ አልቀረም? ትንሽም ትበቃኛለች።»

«የለም» አልኩ።

«እንኳን ሰው አልጎዳ» ብለው ባረኩኝና ሄዱ።

በሩን ሳያልፉ መሮጥ፣ እግራቸው ላይ መውደቅ አቅቶኝ ነበር? አልነበረም። ቆሜ አየኋቸው። እኔ፣ ከአፌ ስሟ የማይለየው፣ የአምላክን እናት በመዶሻ ሰብሬ ቆሜ አየሁ።

ዛሬ በቦታው የእኔ ሥዕል ተሰቅሏል። ማርያም በሁለት ዓይኗ ታየኛለች፤ መልአኩን ግን አታየውም። ምእመኑ ተሳልሟት «እጅህ ይባረክ» ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት አሮጊት፣ መስኮቱን በረዶ ሰበረው ብለው አምነው ሞቱ።