የጋሽ ገብረየስ የመጀመሪያ ገጽ

ጋሽ ገብረየስን ሳልመርቃቸው አርብ አያልፍብኝም። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር፤ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በመተማ ወጥተው ካርቱም ቀሩ። ጀብራ በሚባል የካርቱም ሰፈር ኮምፒውተር ይጠግናሉ። አርብ አርብ ደግሞ እኛን ስደተኞቹን ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በነጻ ያስተምሩናል። የጀማሪ መመሪያውንም በአማርኛ የጻፉት ራሳቸው ናቸው።

እኔ ዘርፈሽ እባላለሁ፤ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ነው የምሠራው። በ2011 ክረምት መግቢያ የሱዳን ሰልፈኞች በኃይል ተበትነው ኢንተርኔት ሲቆረጥ፣ ከዚያ መመሪያ በቀር የምንጠይቀው አልነበረም። የመጀመሪያውን ገጽ ፊደል በፊደል ቀዳሁት። ኮምፒውተሩ በቀይ ጽሑፍ ሰደበኝ። ደገምኩት፤ ደግሞ ሰደበኝ። እኔ እንደሆንኩ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ ሻሼን አጥብቄ ተነሣሁ።

«ኻላስ፣ በቃኝ ጋሼ! የእኔ ጭንቅላት ለዚህ አልተፈጠረም» አልኩና አለቀስኩ። ዳግም ላልመጣ ቆርጬ ነበር።

«ቁጭ በይ፤ እያየሁሽ ጻፊው።»

አጠገቤ ተቀምጠው ጣቶቼን ተመለከቱ። ያው ቀይ ጽሑፍ መጣ። ወረቀቱን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማአሌሽ፣ ዘርፈሽ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄን የጻፍኩት ለድሮው ፓይተን ነው፤ አዲሱ የምታስጽፊውን ነገር በቅንፍ ካላስገባሽለት አይቀበልም። ማሽኖቹን ሳድስ ወረቀቱን ረሳሁት።»

የተማረ ሰው ይቅርታ ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ልቤ ተነካ።

ኢንተርኔቱ እስኪመለስ መመሪያውን አብረን አደስነው። እኔ እያነበብኩ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ዝም ብለው ያያሉ። ስቆም አያስረዱኝም፤ ዐረፍተ ነገሩን ሰርዘው እንደገና ይጽፉታል። አለማወቄ ለቁም ነገር ሲበቃ አየሁ!

አንድ ቀን ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ምስጋናውም ትምህርቱን የተወው እዚሁ ገጽ ላይ ነው» አሉ።

ምስጋናው ማዮ የሚባል የካርቱም ሰፈር የሚኖር የቀን ሠራተኛ ነው። ከእኔ በፊት ሲማር ቆይቶ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ቀርቷል። እኛ ሊቢያ ሊሻገር ነው ብለን ተውነው። እኔስ ጯሂ መሆኔ በጀኝ፤ ተመስገን።

በሚቀጥለው አርብ ላፕቶፑን ይዘን በረክሻ፣ በባጃጅ፣ ማዮ ሄድን። ሲሚንቶ እንደለበሰ አገኘነው።

«ጋሼ፣ እኔን ይተዉኝ። ትምህርት አይገባኝም» አለ።

«ያላ፣ በል ሞክር፤ አንዴ ብቻ» ብለው አዲሱን ገጽ ዘረጉለት።

እሳቸው ዝም አሉ፤ እኔ ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። ፊደሎቹን በአንድ ጣቱ እየፈለገ ጻፈ። «ሰላም ምስጋናው» የሚል ወጣለት።

«እና ያኔ... ደደብ አልነበርኩም?»

ጋሽ ገብረየስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አልነበርክም» አልኩት እኔ፣ ጮክ ብዬ።