አባቴ የማይናገረው መንገድ

አባቴ መንገዱን አይናገርም። እንደ ብዙ የጎንደር ነጋዴ፣ የተወራ መንገድ ደግ አይገጥመውም ብሎ ያምናል። ሰው ከመኪና እየወረደ የሚታገትበት ዘመን ከመጣ ወዲህማ ለእናቴም አልተነፍስ አለ። ጎንደር አራዳ ካለው ሱቃችን «ሻይ ልጠጣ» ብሎ ይወጣና ከአምባ ጊዮርጊስ ምስር ጭኖ ይመለሳል። እኔ ልጁ በዚህ እበግን ነበር።

ዓምና ከአንድ የአዲስ አበባ ሻጭ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። መኪናዋ በስልክ ትከፈታለች፣ ትቆለፋለች፤ ያለችበትም ቦታ በካርታ ይታያል። ለምዝገባው ኢሜይል ሲጠየቅ አባቴ የለውም። ሻጩ «ምን ችግር አለ ሐጂ፣ በእኔ ይሁን» ብሎ በራሱ ስልክ አስመዘገባት። አባቴ መርቆት ቁልፉን ተቀበለ። ቁልፉ ከእጃችን ካለ መኪናዋ የእኛ ናት ብለን ተቀመጥን።

አንድ ጠዋት አባቴ ለሻይ ብሎ ከወጣ ብዙ ቆይቶ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ሻጩ ነው።

«ሐጂ ስልካቸውን አያነሱም። አምባ ጊዮርጊስ ገበያው አጠገብ ቆመው የኋላውን በር ሳይቆልፉ ሄደዋል። ልቆልፍላቸው?»

«እርስዎ የት ሆነው ነው?»

«እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቢሮዬ።»

ክው አልኩ። እኔ አባቴ የት እንዳለ አላውቅም፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ግን የመኪናውን በር ሳይቀር ያያል። ሰውየው ቅን ነው፤ ይበልጥ ያስፈራኝም ቅንነቱ ነው። ክፉ ቢሆንስ ኖሮ?

አባቴ ተመልሶ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ታዲያ ቁልፉን ለምን ሰጠኝ?» አለ።

ወዲያው ደወልንለት። ሻጩ ይቅርታ ጠይቆ መኪናዋን ወደ እኔ ስልክ ሊያዛውር ተስማማ። አባቴ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«የእኔን አጥፍቻለሁ» አለ ሻጩ። «ሌላው ስልክ የእናንተ ነው አይደል?»

«የቱ ሌላ?» አልኩት።

«ከእኔ ጋር አብሮ የተመዘገበ አለ። መኪናዋን ከወሰዳችሁ ጥቂት ቆይቶ የገባ ነው። የእናንተ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

የእኛ አልነበረም። ሻጩ አጠፋው፤ የማን እንደሆነ ግን እሱም አላወቀ፣ እኛም እስከ ዛሬ አላወቅንም። ስልኩን ዘጋሁ። አባቴ ዓመቱን ሙሉ ብቻውን የሄደባቸውን መንገዶች በልቡ ይቆጥር እንደነበር ያወቅሁት ሲናገር ነው።

«ተደብቄ የዳንኩ ይመስለኝ ነበር» አለ። «ለካ እያየ የተወኝ ሰው ነበረ።»