ሜዳ ላይ የሚደክመው ፒካፕ

ዓብዱልወሃብ ነገሌ ተወልዶ፣ መካኒክነትንም እዚያው ተምሮ፣ ሜጋ ከተማ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ጋራዥ ከከፈተ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። በእጁ ይከበራል፤ በአፉ ግን አይወደድም። የሌላ መካኒክ እጅ የነካው መኪና ሲመጣለት ገና ኮፈኑን ሳይከፍት ፊቱ ይጨማደዳል። ከሁሉ በላይ የሚጸየፈው ሳይመረምሩ ዕቃ የሚቀይሩትን ነው።

በ2011 ዓ.ም. በጋ ላይ ሸምሳ አሮጌ ፒካፗን ይዛ መጣች። ሸምሳ ከዱቡሉቅ አካባቢ የግመል ወተት ሰብስባ ሞያሌ የምታደርስ ነጋዴ ናት፤ መኪናውንም ራሷ ነች የምትነዳው። አካም፣ ናጋ ተባብለው ሰላምታውን ሳይጨርሱ ግማቱ አፍንጫቸውን ሞላው። የተበላሸ ወተት ከጀሪካን ፈሶ የጭነቱ ወለል ላይ ተጋግሯል፤ ዝንብ ወሮታል።

ነገሩን አስረዳችው። መኪናው ከተማ ውስጥ ምንም አይልም፤ ኮረኮንች ላይም ደህና ነው። አስፋልት ላይ ከሰማንያ በላይ አሥር ደቂቃ ያህል ከሄደ ግን ከኋላ ሰው የያዘው ይመስል ይደክማል፤ ነዳጅ ቢረግጡት አይሰማም። ትንሽ ቆሞ ሲያርፍ ደግሞ እንዳልነበረ ሆኖ ይሄዳል። ከትናንት በስቲያ ከብት የጫነ መኪና ልትቀድም ወጥታ መሀል ላይ ጉልበት ከዳት፤ ከፊት አውቶብስ ይመጣል። ወደ ቁጥቋጦው ገብታ ተረፈች፤ ወተቱ ግን ፀሐይ ላይ ቀረ።

"ኦቦ ዓብዱልወሃብ፣ ሬሳዬን ነበር የሚያዩት" አለችው።

ሞያሌ ያለው ዩኑስ የሚባል መካኒክ መጀመሪያ የናፍጣ ማጣሪያውን ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል፣ በመጨረሻም የናፍጣ ፓምፑን እንደቀየረ ስትነግረው ዓብዱልወሃብ ምራቁን እንትፍ አለ። ያለቀለት ፓምፕ በአሥር ደቂቃ ዕረፍት አይድንም። ይህን የማያውቅ ሰው መፍቻ መያዝ የለበትም እያለ ጠዋቱን ሙሉ ዩኑስን ሲሰድብ አረፈደ፤ ጋራዡ ደጃፍ የቆመ ሾፌር ሁሉ ሰማ።

የአየር ማጣሪያውን አየ፤ ንጹሕ ነው። የጭስ ማውጫውም አልተደፈነም። ስለዚህ ሞተሩ በፍጥነት ሲሄድ ናፍጣ እየራበው ነው ማለት ነው። ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ናፍጣ ሞላና ጭነቱ ላይ አስሮ፣ ታንኩን ትቶ፣ በጎማ ቱቦ በቀጥታ ከፊልትሮው ጋር አገናኘው። ሸምሳን ከጎኑ አስቀምጦ ወደ ዱቡሉቅ ሜዳ ነዳ። ዘጠና፣ መቶ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አልደከመም። ሲመለሱ የጎማ ቱቦውን ወደ ታንኩ መለሰው፤ ብዙም ሳይሄዱ መኪናው ወደ አርባ ወረደ።

"ታንኩ ውስጥ ነው" አላት። ደስ ብሎት ነበር።

ሸምሳ ጀሪካኖቿን ልታጥብ ወደ ጓሮ ስትሄድ ታንኩን አወረደና ናፍጣውን ገለበጠው። ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ወጣ። ሽቦ ቆልምሞ ሲጎረጉር እንደ ፍየል ጨጓራ የሚለሰልስ ነገር ያዘለት። የሞተ አይጥ መስሎት ፊቱን አዙሮ ሳበው። ጨርቅ ነው፤ ያሟልጫል፣ ይሸታል። ናፍጣ አፍስሶ ሲያጥበው የሰማያዊ ቱታ እጅጌ ሆኖ ተገኘ። ጫፉ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ የሚስቱ የቀድሪያ ነው።

ያኔ ትዝ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ታንክ ድንጋይ በስቶት እሱ ነበር የበየደው፤ አቧራ እንዳይገባ አፉን የደፈነው ከአሮጌ ቱታው በቀደደው እጅጌ ነው። ጨርቁ ወደ ውስጥ ሾልኮ ጥግ ላይ ተጣብቆ ከርሞ፣ ሲበሰብስ ተላቀቀ። መኪናው ሲፈጥን ከታንኩ ናፍጣ የሚመጠው ቱቦ ጨርቁን ስቦ አፉ ላይ ይለጥፈዋል፤ ሲቆም ይወድቃል።

የቆሻሻ ዘይት በርሜሉ ከእጁ አንድ ክንድ ይርቃል። ቢጥለው ማንም አያውቅም፤ ሰው ሁሉ የዩኑስን ስም ይዟል። እጅጌውን እንዳንጠለጠለ ወደ ጓሮ ሄደ።

"የዩኑስ ጥፋት አይደለም" አላት። "የእኔ ቱታ ነው። ስበይድ ውስጥ ረስቼው ነው።"

ሸምሳ ጨርቁን፣ ቀጥሎ እጁን አየች።

"ሰውዬውን ሲረግሙት እኔም አብሬ ረግሜዋለሁ" አለች። ከዚያ መሪውን ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና እንዲታጠብ ነግራው ወደ ጀሪካኖቿ ዞረች።

ታንኩን ሦስት ጊዜ አጥቦ መለሰው፤ መኪናው ሜዳውን ሳይደክም ጨረሰ። የዚያኑ ዕለት ለዩኑስ ደወለ። ዩኑስ ሰማውና የድሮው ፓምፕ ደህና እንደነበረ፣ እሱም ሳይፈትሽ እንደነቀለው ተናገረ። በሳምንቱ ፓምፑን ለሸምሳ መለሰላት። ዓብዱልወሃብ ደጃፉ ላይ ለነበሩት ሾፌሮች ነገሩን ራሱ አወራላቸው፤ ከሾፌሮቹ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም።

ሸምሳ ግን ዛሬም የምታሠራው እሱ ዘንድ ነው። ጀሪካን ገልብጣ ትቀመጥና ስንት ጨርቅ ይዞ እንደጀመረ፣ ስንት ይዞ እንደጨረሰ ትቆጥራለች። እሱም እያሳያት ይሠራል።