142857 በግእዝ ሲጻፍ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፣ ሀብት አልተገኘበትም፤ ስለ አንድ ቁጥር ነው። ትናንት ግን የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ በስልኳ አንድን ለሰባት ስታካፍል 142857 እየተደጋገመ ሲወጣ አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ ስትጠይቀኝ መናገር ግድ ሆነ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን፣ መጽሐፍ ላይ የሌለ የቁጥር ጠባይ የሚያመጣ ተማሪ ትምህርት ቤታችንን ወክሎ ባሕር ዳር ለውድድር እንደሚሄድ ነገሩን። ከደብረ ማርቆስና ከዲማ በቀር የማውቀው አገር ስላልነበረኝ ልቤ ተሰቀለ። 142857ን ይዤ ቀረብሁ። በሁለት ሲባዛ 285714፣ በሦስት ሲባዛ 428571 ይሆናል፤ እስከ ስድስት ድረስ አኃዞቹ እነዚያው ናቸው፣ ተራቸውን ይዘው ይዞራሉ እንጂ አይለወጡም። መምህሩ ፈገግ ብለው ይህንንማ ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ እስከ ሰኞ አዲስ ነገር ጨምሪበት አሉኝ።

ቅዳሜ እንደተከዝሁ ዲማ ወደ አጎቴ ሄድሁ። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ ስለሚያስተምሩ የበዓላትን ቀን በጣታቸው ቆጥረው ያወጣሉ። የግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ መንገዱን አርሶት ስለነበር ጭቃ በጭቃ ሆኜ ደረስሁ። ትኩስ የገብስ ቆሎ አስዘግነውኝ ነገሬን ሰሙና ቁጥሩን እሳቸው በለመዱት በግእዝ ጻፉት፦ ፲፬፼፳፰፻፶፯። ግእዝ ዜሮ የለውም፤ ቁጥሩን ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የሚይዘው፦ አሥራ አራት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃምሳ ሰባት፤ በመካከል ያሉት ፼ እልፍ፣ ፻ መቶ ማለት ናቸው። በሁለት ሲያባዙት ፳፰፼፶፯፻፲፬ ሆነ፤ ሦስቱ ዞሩ። በሦስት ሲያባዙት ግን ፵፪፼፹፭፻፸፩ ወጣ።

«አልዞረም። ዋሽተሽኛል» አሉ እየሳቁ።

«ኧረ የኔታ፣ በእኛ አጻጻፍ ይዞራል።»

«እንግዲያስ የእናንተ አጻጻፍ ጎጥ አይለይም። እዪ፣ የፊቶቹ የላይ ጎጥ ናቸው፣ እነዚህ ደግሞ የታች ጎጥ።»

እውነታቸውን ነው። በአራት ሲባዛ የላዮቹ፣ በአምስትና በስድስት ሲባዛ የታቾቹ ይመለሳሉ፤ አንዱም ወደ ሌላው ጎጥ አይሻገርም።

እሑድ ስመለስ መንገድ ዳር መኪና እየጠበቅሁ፣ ሁለት ጎጥ በምን ይገናኛል ብዬ አሰብሁ። በጋብቻ ነዋ። አሥራ አራትን ከሰማንያ አምስት ጋር ደመርሁ፣ ዘጠና ዘጠኝ። ሃያ ስምንትን ከሰባ አንድ፣ ዘጠና ዘጠኝ። ሃምሳ ሰባትን ከአርባ ሁለት፣ እንደገና ዘጠና ዘጠኝ። ቁጥሩ በሰባት ሲባዛ የሚወጣውም ያው ነው፦ ፺፱፼፺፱፻፺፱። ሰው ባይኖር እልል እል ነበር።

ሰኞ ሁሉንም ሰሌዳው ላይ በግእዝ ጻፍሁት። መምህሩ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ ለባሕር ዳር ልብስሽን አዘጋጂ አሉኝ። ሄድሁ። አላሸነፍሁም፤ ሐይቁን ግን አየሁ።

ጓደኛዬ ይህን ሰምታ ስልኳን ትታ ወረቀት ፈለገች። እኔም ያወቅሁት ነገር በሌላ ሰው እጅ ሲጻፍ ገና ምን ያህል ያላየሁት እንደሚቀረው ያወቅሁት ያኔ አጎቴ ቤት መሆኑን ነገርኋት። ከባሕር ዳር ተመልሼ ዲማ ሄጄ የሁለቱን ጎጥ ጋብቻ ስነግራቸው አጎቴ ጥንዶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ደምረው ሲያበቁ፣ «እንግዲህ ሦስቱንም ድረሻቸዋል» አሉኝ። ሠርጉ ያለቀው ግንቦት ፳፰ ቀን ነው።