ጦም ያደረው መሬት

የማገጥ ሽታ ነው ትዝታውን ያመጣብኝ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ማገጥ የምንለው፣ ያ ከብት የሚያብድለት ባለ አበባ ሣር ብቅ ብሎ አየሁና ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት። ጠዋት መምህራችን ስለ ልማት ሲያስተምሩ ሰሌዳው ላይ «ሥራ የፈታ መሬት» ብለው ጽፈው ነበር። እጄን አውጥቼ «ሥራ መፍታቱን ማን አየው?» አልሁ። «ተቀመጭ» አሉኝ። ተቀመጥሁ። ምን ልበልሽ እህቴ፣ ደክሞኛል፤ ይህን ቃል በልጅነቴም ሰምቼዋለሁ።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ በያዘበት ጊዜ የኛ ማሳ ከምሽጉ ግርጌ ነበር። በዚያ ክረምት አባቴ አላረሱትም። ማገጥ ለብሶ ንብ ሲያንጎራጉርበት ይውላል፤ የመንደሩ ላሞች ይግጡታል፤ እበታቸውም እዚያው ይቀራል። እኔ ላማችንን እየጠበቅሁ ሣሩ ላይ እተኛለሁ፤ ማታ ቀሚሴ ማር ማር ይሸታል።

አንድ ቀን የምሽጉ ሹም ቀይ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ፣ አስተርጓሚውን አስከትሎ መጣ። «ይህ መሬት ለምን ሥራ ፈታ?» አለ።

አባቴ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ «ዘንድሮስ ጦሙን ይደር ብዬ ነው ጌታዬ፤ ደክሞታል» አሉ።

አስተርጓሚው አማርኛ የለመደው ከተማ ነው። ሰማይ ሰማይ አየና አንድ ነገር ነገረው። ሹሙ ሳቀ።

«ከተራበማ እኛ እናበላዋለን ብለዋል» አለ አስተርጓሚው።

ጎረቤታችን «የተራበውስ እሱ ነው» ብለው ሲያጉረመርሙ እኛ ልጆች ሳቅን። አባቴ ግን አልሳቁም።

«አይ ልጄ፣ ይረፍ ነው ያልሁት። ይረፍ በልልኝ።»

«አሁን ብለውጠው ጥፊው ለኔ ነው፣ አባቴ» አላቸው ቀስ ብሎ።

እንዲያ ሆነና አባቴ በሹሙ ትእዛዝ የገዛ ማሳቸውን በገዛ በሬዎቻቸው ለምሽጉ ስንዴ አረሱ። የመጀመሪያው ስንዴ አማረ፤ ሹሙ መሀሉ ቆሞ ፎቶግራፍ ተነሣ። በዓመቱ ቀጨጨ። ከዚያ ወዲያ እንክርዳድ ብቻ ሆነ። ሹሙ ሰዎቹ ሰነፎች ናቸው አለ። ያን እንኳ አስተርጓሚው በትክክል ተረጎመው። ዛሬ ደብተሬ ላይ ያው ነገር «ኋላ ቀርነት» ተብሎ ሰፍሯል፤ ለፈተና እሸመድደዋለሁ።

ጣሊያን ሲወጣ መሬቱ ተመለሰልን። አባቴ ግን ያን ጊዜ ከመደብ አይነሡም ነበር። «እንዳትነኩት፤ ጦሙን ይደር» አሉ። ክረምቱ ገባ። በየጠዋቱ ይጠይቁኛል።

«ማገጡ ብቅ አለ?»

«ገና ነው፣ አባዬ።»

ዝናቡ ወረደ፣ ወረደ። መሬቱ አንዳች አላወጣም፤ ጭቃው እንደ አመድ ነጥቶ ቀረ። አንድ ጠዋት ድምፃቸው ቀጥኖ ሲጠይቁኝ፣

«ብቅ ብሏል» አልኋቸው።

«ተመስገን» አሉ። «እንግዲያ ላሟን አስገቢያት፤ ትጥገብ።»

ፈትቼ ወሰድኋት። ጭቃው መሀል ቆመች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ አሸተተች፤ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ለአባቴ በበሩ በኩል፣ ከአጥሩ በላይ የሚታያቸው የላሟ ጀርባ ብቻ ነበር። እስኪረፍድ ድረስ ይዣት ቆምሁ።