በግምት የሰፋሁት የአባቴ ቁምጣ

ፍኖተ ሰላም ከቢሮ ሥራዬ ጎን ለጎን ለሁለት ሳምንት «ዘመናዊ የልብስ ስፌት» ሠልጥኛለሁ። አሠልጣኙ የስፌት መኪናን ክፍሎች ሰሌዳ ላይ እየሣለ አስጠናን። እውነተኛዋን መኪና ያገኘናት ተራ በተራ ፎቶ ስንነሣባት ነበር። እኔም እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ፣ ቅንድቤን ቋጥሬ፣ ባለሙያ መስዬ ተነሣሁ። የምስክር ወረቀቴ «በከፍተኛ ብቃት» ይላል፤ አመንሁት፤ አሮጌ መኪናም ገዛሁ።

ማንኩሳ አጠገብ የሚያርሱት አባቴ ወሬውን ሰምተው ለታናሽ ወንድሜ ሠርግ ቁምጣ እንድሰፋላቸው አረንጓዴ ጨርቅ ይዘው ከተፍ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን የሚሰፉላቸው ቡሬ ያሉ አንድ ልብስ ሰፊ ናቸው። «ዘንድሮስ የተማረች ልጅ እያለችኝ ምን በወጣኝ!» ብለው ለሰውየውም ለሰፈሩም አውጀው ነበር የመጡት።

ወገባቸውን ለካሁ። ቁመቱን በጎን ለካሁ። የቀረው በጭን መሃል የሚያልፈው ልክ ነበር። ሜትሩን ይዤ ቆምሁ። ቀና ብዬ ዓይናቸውን ሳላይ ያደግሁ ልጅ እንዴት አድርጌ ላሳልፈው? እሳቸውም ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«አለቀ አይዶል?» አሉኝ።

«አልቋል አባባ፤ ይቀመጡ» አልሁ። ሁለታችንም ተገላገልን። የቀረውን ልክ በግምት ሞላሁት፤ ባለምስክር ወረቀት መቼም ግምቱም ዕውቀት ነው።

የሠርጉ ዕለት ቁምጣው ቆመው ሲታዩበት እንከን አልነበረውም። ሰውም አደነቀ። አባቴ ዳሱ ውስጥ አግዳሚው ላይ ቁጭ ሲሉ ግን «ተርርር» አለ። መሃል ለመሃል ተተርትሯል። ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ ጎትተው ድርቅ አሉ።

ወዲያው ቄሱ ገቡ። ዳሱ ሙሉ ብድግ ሲል አባቴ ብቻ ተቀምጠው ቀሩ። ቄስ ሲመጣ ከሁሉ ቀድመው የሚነሡ፣ «አረጁ እኮ» ያላቸውን ሰው ዓመት የሚያኮርፉ አባቴ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጉልበታቸውን ያዙ።

«ይቅር ይበሉኝ አባ፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። አርጅቻለሁ» አሉ።

ቄሱ ራሳቸው መጥተው አሳለሟቸው። ጎረቤቱ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ከምሰሶው ኋላ ሆኜ በእፍረት አለቀስሁ። አባቴ የቁምጣውን ነገር ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ለእኔም።

በሳምንቱ ቡሬ ሄጄ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ። የምስክር ወረቀቴን አልያዝሁም። ለመቀመጫ ትርፍ ጨርቅ መተውን፣ መሃሉን ሁለት ጊዜ ደርቦ መስፋትን እያፈረሱ እያሰፉ አስተማሩኝ።

«የአባቴን ልክ እንዴት አገኙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔማ አላፍራቸውም!» አሉኝ።

ቀጥሎ በዋለው ገበያ አባቴ ሌላ ጨርቅ ይዘው መጡ። የሜትሩን አንድ ጫፍ ራሳቸው ወገባቸው ላይ ያዙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«በይ ለኪ» አሉኝ። «ሁለተኛ በሰው ፊት አላረጅልሽም።»