ቀዩ ኮከብ ደብዝዟል ያልኩ ዕለት

ብረት በሚበየድበት ደጅ ሳልፍ ያ የተቃጠለ ብረት ሽታ ሲደርሰኝ፣ ዛሬም አባቴ ከኮምቦልቻ የገባ ይመስለኛል። በያጅ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ ወርዶ፣ ሲሠራ ውሎ፣ መግሪብ ሳይደርስ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለችው ቤታችን ይመለስ ነበር።

በጋ ላይ፣ ሰግዶ ሲጨርስ፣ ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ አጠገቡ ያስቀምጠኝና በምሥራቅ በኩል የሚወጡ ሁለት ኮከቦችን ያሳየኝ ነበር፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። ከአሮጌ የሳይንስ መጽሐፍ ያነበበውን በሙያው እየመሰለ ነበር የሚያስረዳኝ። «ቀዩ በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ እኛን ከነምድራችን ይውጠናል። ነጩ በግዝፈት አጠገቡም አይደርስ፤ ግን ይበልጥ የጋለ ስለሆነ ደምቆ ይታያል። ብረትም መጀመሪያ ይቀላል፣ ሙቀቱ ሲብስበት ነው የሚነጣው። ወላሂ፣ ትልቅነትና ድምቀት አንድ አይደለም።» የቀዩ ብርሃን አንዳንዴ ቀንሶ አንዳንዴ እንደሚጨምርም ነግሮኝ ነበር።

በሚቀጥለው በጋ፣ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እዚያው ተቀምጠን ዓይኑን ደጋግሞ አሽቶ «ነጩ አለ፤ ቀዩ ግን ጠፋብኝ። ደብዝዟል መሰለኝ፣ አይደል?» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ቀዩ እንደ ወትሮው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኛ ቤት ግን አባት ያለውን «አይደለም» ማለት ነውር ነበርና፣ ደስ እንዲለውም ፈልጌ፣ «አዎ አባዬ፣ ደብዝዟል» አልኩት። እፎይ አለ። «ይኸው፤ እናትሽ ዓይንህን ታከም እያለች ትጨቀጭቀኛለች፣ ኮከቡ እኮ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

የበልጉ ዝናብ መጥቶ ሰማዩ ተዘጋ። በክረምቱ የደሴ ጉም ደጃችን ድረስ ሲገባ፣ ሁሉም ሰው ይደናበር ስለነበር የአባቴን መደናበር ማንም ልብ አላለውም። መስከረም ላይ ጉሙ ተገፈፈ፤ የእሱ ግን አልተገፈፈም። የሚበይደውን መስመር ስቶ የሰው በር አበላሸና ከሥራ ቀረ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነርቩን ቀስ በቀስ ሲገድለው እንደቆየ ነገረንና «ባለፈው በጋ ብትመጡ ብዙ ማትረፍ ይቻል ነበር» አለን። እናቴ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ያንን «አዎ» መልሼ ልውጠው ፈለግሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

አሁን አባቴ ምንም አያይም። በጋ ሲመጣ እጁን ይዤ እዚያው ድንጋይ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። የከተማው መብራት በዝቶ ትንንሾቹ ኮከቦች ጠፍተዋል፤ ሁለቱ ግን አሉ። ባለፈው ሰሞን «ቀዩስ?» አለኝ።

«ደማቅ ነው አባዬ» አልኩት፤ ይህኛው እውነት ነበር።

ፊቱ በራ። «አልሀምዱሊላህ። ያን ጊዜ ደብዝዞ ነበር እኮ፤ እንኳንም ብርሃኑ ተመለሰለት» አለ።

ልጅ ሳለሁ እውነቱን ያልነገርኩት ፈርቼ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ይህቺን ደስታውን የምቀማበት አንጀት አጥቼ፣ የያዝኩትን እጁን ወደ ቀዩ ኮከብ አቅጣጫ አነሳሁለት።